ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ የቤንዚን ወረፋ ላይ ሆኖ ደወለልኝና ብቻዬን ሰለቸኝ፣ ነይ አጫውቺኝ አለኝ። ሄድኩ። ሰልፉ ከማደያው ተነስቶ፣ ጥጉን ዞሮ፣ ዳገቱን ወጥቷል። ወንድሜ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ዋጋውን፣ ማደያውን፣ መንግሥትን፣ ሰልፍ ጥሶ የገባውን ሚኒባስ በየተራ ይራገማል። ከፊትና ከኋላችን ያሉትም ያግዙታል። እኔ ግን አልሰማቸውም ነበር። የቤንዚኑ ሽታ በመስኮቱ ገብቶብኝ ነበር። ሃምሳን የተሻገርኩ ሴት ነኝ፤ ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር ግን ዛሬም በመጀመሪያ አባቴ፣ ቀጥሎ ፍርሃት ይመጣብኛል።

ልጅ እያለሁ ቤታችን አራዳ ነበር፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ መኪና የማያስገባ ቀጭን መንገድ ውስጥ። አባቴ ሴይቼንቶ የምትባል ትንሽ ሰማያዊና ነጭ ፊያት ታክሲ ነበረችው። እሷን ዋናው መንገድ ዳር አቁሞ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ በእግሩ ይገባል። ሲገባ ቤንዚን ይሸታል። እጁ ይሸታል፣ ካፖርቱ ይሸታል፣ በብብቱ ይዞት የመጣው ዳቦ ሳይቀር ይሸታል። እኔ የአባት ጠረን ማለት ያ ይመስለኝ ስለነበር የጓደኛዬ አባት ሲስመኝ ሳሙና መሽተቱ ይገርመኝ ነበር።

ያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነው። የሳምንቷ ኩፖን ሐሙስ ላይ ታልቅና ታክሲዋ መንገድ ዳር ትገተራለች። ላምባም ከቀበሌ ሱቅ ነው፣ ያውም ሲገኝ። ሬዲዮው በኦጋዴን በረሃ ነዳጅ ፍለጋ ቁፋሮው እንደቀጠለ ሲናገር አባቴ ድምፁን ቀንሶ፣ "ጉድጓዱ ሩቅ ነው፤ የኔ መኪና ሆድ ግን እዚሁ ነው የደረቀው" ይላል። ይቺን ታህል ሲናገር እንኳ እናቴ በዓይኗ ግድግዳውን ታሳየዋለች። ግድግዳችን ከጎረቤት የምንጋራው ስስ ጭቃ ነበር። ምሬት የሌለበት ቤት አልነበረም፤ ከበር ግን አይወጣም። ሁለት በርሜል ላምባ ደብቆ የተገኘ አንድ ባለሱቅ አንገቱ ላይ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ "አሻጥረኛ ነኝ" እያስባሉ በሰፈሩ ሲያዞሩት አይቻለሁ። በእኛ በር ሲያልፍ ጫማ አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

በዚያው ዓመት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ የተረገዘው ልጅ፣ መኪና ተፈልጎ እስኪገኝ እቤት ውስጥ ሞቶ ተወልዷል። ሐኪሙም ሁለተኛ እንዳትዘገዩ ብሎ ነበር። አባቴ ስለዚህ ከየሳምንቱ ኩፖን ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ በጀሪካን ያስቀምጥ ጀመር። መኪናዋ ውስጥ እንዳይተወው ሌባ በጎማ ቱቦ ይመጥጠዋል። እቤት ሲያስቀምጠው ደግሞ ነዳጅ ማከማቸትን የሚከለክለው ሕግ አለ። እሱ ከሌባው ይልቅ ሕጉን መጋፈጥ መረጠ። ለእናቴም ለእኔም አልነገረንም፤ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ላምባ በሚመጣበት ቀን የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነበር። ጀሪካኖቹ በመጡበት ተራ ይደረደራሉ፤ ሰልፍ አስከባሪዋ እትዬ በላይነሽ ረጅም ገመድ በየእጀታው አሳልፈው ጫፎቹን ይቋጥራሉ። አንዴ ከተቋጠረ በኋላ ማንም ሾልኮ አይገባም፣ ማንም ሾልኮ አይወጣም። ጀሪካን ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው። የአንዱ ሽቦ ነው፣ የአንዱ ቁልፍ፣ የእኛ ደግሞ እናቴ ከቀይ ሻሿ ቀዳ ያሰረችው ጨርቅ። ምልክት የሌለውን እትዬ በላይነሽ አይቀበሉም። የሴቶች ማኅበር ሰው ናቸው፣ ረጅም፣ ሲስቁ ታይተው የማይታወቁ። እሳቸው ሲያልፉ ጎረቤት ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል። የቀበሌው ጆሮ ናቸው ይባል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ እግሯ አብጦ ከአልጋ መውረድ አቃታትና፣ "ሚሚ፣ ጀሪካኑን አሰልፊልኝ" አለችኝ። ከበሩ ጀርባ ያገኘሁት ምልክት የለውም። ስፈልግ ስፈልግ ቀይዋን ጨርቅ አልጋ ስር አየኋት። አባቴ ቤንዚኑን እንዳይነቃበት ብሎ በላምባው ጀሪካን ደብቆ፣ በምትኩ ሌላ ገዝቶ ከበሩ ጀርባ ማስቀመጡን ከየት ልወቅ? ሳነሳው ከሥሩ ተንቦጫረቀ፤ የከረመ ላምባ መሰለኝ። ሽታውም እንኳን ሊያስደነግጠኝ፣ አባቴን ነበር የሸተተኝ። ጎኔን አጣምሜ ተሸክሜው ሄድኩና ስምንተኛ አሰለፍኩት። እትዬ በላይነሽ ገመዱን ሲያሳልፉ የእኛን ከፍ አደረጉት፤ ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አለፉ።

ሦስት ሰዓት ላይ አባቴ ቁርሱን ሊበላ መጣ። ቁልፉን ሲጥል ወለል ላይ ወደቀበት፤ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አልጋ ስር አየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

"እዚህ የነበረው ጀሪካን?"

"አሰልፌዋለሁ" አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

አባቴ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር። እናቴን ላለማስደንገጥ፣ "ነይ፣ ዳቦ እንግዛ" ብሎ እጄን ያዘ። ከቤት ከራቅን በኋላ ጆሮዬ ሥር፣ "ውስጡ ቤንዚን ነው፤ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ" አለኝ። ባለሱቁና ባዶ እግሩ ትዝ አሉኝ። አባቴ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያለው ጀሪካን አንጠልጥሎ በራችን ላይ ሲያልፍ ታየኝ።

ስንደርስ እደላው ተጀምሯል። ሻጩ እያንዳንዱን ጀሪካን በተራው ከገመዱ ሲለቀቅ ከፍቶ፣ ዘቅዝቆ፣ ባዶ መሆኑን አይቶ ነው የሚሞላው። ከእኛ በፊት አራት ቀርተዋል። ጠመንጃ የያዘው አብዮት ጥበቃ ደረጃው ላይ፣ ከጀሪካኖቹ ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል። የአባቴ መዳፍ በላብ ርሶ ጣቶቼ ይንሸራተታሉ። ልትወጣ ብትል ገመዱ አለ፤ ገመዱ ይፈታ ብትል ለምን ትባላለህ። ሦስት ቀሩ። ሽንቴ መጣ፤ ጭኔን ገጥሜ ቆምኩ። ሁለት ሲቀሩ እትዬ በላይነሽ ገመዱን ከእኛም እጀታ ስበው አወጡት።

"ይሄ የማን ነው? ያፈሳል። የመንግሥት ላምባ አፈር ሊጠጣው ነው እንዴ?" አሉና ጀሪካናችንን መዘው አባቴ እጅ ላይ ጣሉት። "ሂድ፣ ደህና ይዘህ ና!"

ሰልፉ ጉርምርም አለ። ጀሪካኑ የነበረበትን ቦታ አየሁት። ደረቅ ነው፣ አንድ ጠብታ የለበትም።

ቀጭኑ መንገዳችን ውስጥ እንደገባን ከኋላችን ፈጣን ኮቴ ተሰማ። አባቴ ዞር አላለም። የአጥሩን ጥግ እንደታጠፍን ክዳኑን ፈትቶ ጀሪካኑን ቦዩ ላይ ዘቀዘቀው። ስንት ሳምንት የተጠራቀመው ቤንዚን በቅጽበት አለቀ። ቀና ሲል እትዬ በላይነሽ ጥጉ ላይ ቆመዋል። በእጃቸው የራሳቸውን ባዶ ጀሪካን ይዘዋል፤ ተራችን እንዳያመልጠን ሊያውሱን ነበር የመጡት።

ቦዩን አዩ፤ አባቴን አዩ። "ምነው ተስፋዬ? ለሚስትህ ያስቀመጥከው መስሎኝ ነው እኮ ያወጣሁልህ።"

"እርስዎን ፈርቼ ነው" አለ አባቴ።

"እኔን?" አሉ። ጀሪካኑን እግሩ ሥር አስቀምጠው ተመለሱ።

በስድስተኛው ቀን፣ ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ እናቴን ምጥ ያዛት። ኩፖኑ ትናንት አልቋል፣ ሴይቼንቶዋ ደርቃ ቆማለች። አባቴ እስከ ፒያሳ ሮጦ ያገኘው ሰው ሁሉ እንደሱ የደረቀ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ የእናቴን ጩኸት እየሰማሁ፣ ልጁ ከሞተ የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያ ፍርሃት እስከ ዛሬ ከየትኛውም ፍርሃት ይበልጥብኛል።

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ። "እስከ ማዘጋጃ ቤት እንገፋታለን፤ ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ ቁልቁለቱ ያውቃል" አሉ። በየበሩ እያንኳኩ ሰፈሩን አወጡት። እናቴን ከኋላ አስተኟት፣ እኔ ጨርቆቿን ታቅፌ ከፊት ተቀመጥኩ፣ ሰዉ ገፋ። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ስንደርስ እትዬ በላይነሽ ከእናቴ ጎን ዘለው ገቡና አባቴ ሞተሯ ያልተነሳውን መኪና በሞርቶ፣ ያለ ማርሽ፣ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለቀቃት።

ድምፅ የለም። የጎማው ሹክሹክታና የእናቴ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። መንገዱ ወደ እኛ ይሮጥ ጀመር። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ከቆምን እንደማንነሳ አባቴ ስለሚያውቅ ፍሬን መርገጥ አልፈለገም። ጥሩንባውን ተጭኖ፣ አንድ የጭነት መኪና አፍንጫ ሥር ሾልከን ዞርን። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ቁልቁለቱ አልቆ፣ መንገደኞች ወደ ሆስፒታሉ በር እየገፉን ነበር።

ወንድሜ የተወለደው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር ትንሽ ብትዘገዩ አይተርፍም ነበር አሉን። ሾፌር ሆነህ ለዚህ ቀን እንዴት ቤንዚን አታስቀምጥም ብለው ዘመዶቻችን አባቴን ለዓመታት ወቀሱት። "ኩፖኑ አልቆ" ይላቸው ነበር። እናቴም፣ እትዬ በላይነሽም፣ እሱም አልፈዋል፤ አባቴ ግን በዚህ ነገር ስሜን አንድም ቀን አላነሳም።

እነሆ ወንድሜ ዛሬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይራገማል፤ ግድግዳ የሚያይ የለም። ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው፤ እኔ ግን አሁንም ዞር ብዬ ከኋላችን ማን እንዳለ አያለሁ። "እኔ እኮ ስወለድም ቤንዚን አልነበረም" አለ ለጎረቤት ሾፌር፣ ሁልጊዜ እንደሚያወራው እየሳቀ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሞተር ሳያስነሳ መኪናዋን በቁልቁለቱ ለቀቃት። እግሬ ፍሬን ያገኘ ይመስል ወለሉን ረገጠ።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"ቤንዚን ነበር" አልኩት። "አባባ ላንተ ብሎ አልጋ ስር ደብቆት ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ወንድሜ መራገሙን ተወ። ከኋላችን ያሉት እንድንቀሳቀስ ጥሩንባ ይነፋሉ፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ መስኮቱን ዘጋው።