የቢፍቱ አነሳስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ሁሉ ቢፍቱን ያውቃታል። ጠዋት ጠዋት ነጯን ሚኒባስ እያሽከረከረች በብሎኮቹ መሃል ትዞርና ሕፃናቱን ትለቅማለች። ልጆቹ እንቅልፋቸውን ሳይጠግቡ የተነሱ ናቸውና ገና እንደገቡ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጣል ያደርጋሉ። በሌላ ሰርቪስ ቢሆን መኪናው በተነሳ ቁጥር ግንባራቸው ከፊተኛው ወንበር ጋር እየተላተመ ይነቁ ነበር። የቢፍቱ ልጆች ግን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስማቸው እስኪጠራ ድረስ ይተኛሉ። ልጇን ከሌላ መኪና አውጥታ ወደ እሷ ያዛወረች አንዲት እናት ምክንያቷን ስትጠየቅ፣ ልጄ ቁርሱን ማስመለስ ተወ ብላ ነው የመለሰችው።

ቢፍቱ ለቦታው እንግዳ አይደለችም። ዛሬ ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ሳለ እዚያው ተወልዳ እዚያው አድጋለች። አባቷ ኦቦ ደበላ በሬዎቻቸውን ሸጠው ሞፈርና ቀንበራቸውን ከጓሮው ግድግዳ ካስደገፉ በኋላ፣ እሷ እንደ እኩዮቿ ሁሉ ፋብሪካ ገባች። ክር ፋብሪካ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውሉና ማታ በሠራተኞች አውቶቡስ ይመለሳሉ። ያ አውቶቡስ ነው የሕይወቷን መንገድ የቀየረው።

ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን እግሩ ድንገት እንደተቃጠለ ሰው ነበር የሚለቀው። አውቶቡሱ በተነሳ ቁጥር ያ ሁሉ ደክሞት የዋለ ሴት ወደ ኋላ ይወድቃል፣ በቆመ ቁጥር ወደ ፊት ይደፋል። አንድ ቀን ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባቸው ወንበር አጥታ ቆማ ሳለ፣ አውቶቡሱ ተወርውሮ ሲነሳ መተላለፊያው ላይ ወደቀች። ጽንሱ በደህና ተረፈ። ቢፍቱ ግን ዝም አላለችም፤ ወደ ፊት ሄዳ ሾፌሩን ቀስ ብሎ ማስነሳት እንደማይችል ጠየቀችው። ሰውየው በመስታወቱ አያት።

«ካልተመቸሽ ራስሽ ንጂው» አላት።

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ቢፍቱም እንደመሳቅ አለች። ሰውየው ለፌዝ የወረወራትን ቃል ግን እሷ አንስታ ቤቷ ይዛት ገባች። ውሎ አድሮም ፋብሪካውን ሳትለቅ፣ በእረፍት ቀኗ መኪና መማር ጀመረች።

ያስተማሯት አቶ ሰይፈሥላሴ የሚባሉ የአቃቂ በሰቃ ሰው ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበሩ፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው በአሮጌው ባቡር ላይ የነጂ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። ባቡሩ ሲቆም መኪና ማስተማር ያዙ። ቁመታቸው ረዘም፣ ቃላቸው ቁጥብ ያለ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ቢፍቱ መኪናዋን እንደ እንቁራሪት እያስዘለለች ሜዳውን ስታካልል እሳቸው እግሯን እግሯን ያዩ ነበር። ደክሟት ስታቆም ነው አፋቸውን የከፈቱት።

«ልጄ፣ ባቡር ሲነሳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ነጂው ያን ሁሉ ፉርጎ በአንዴ ከሳበው ማያያዣው ይበጠሳል። መጀመሪያ የፊተኛውን፣ ከዚያ የሚከተለውን፣ እያባበለ ነው የሚያስነሳው። እዚህም ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው ቆሟል። አንቺ በግራ እግርሽ የምታስታርቂያቸው እነሱን ነው። እርቅ ደግሞ በችኮላ አይሆንም።»

ከዚያም ቀኝ እግሯን ከነዳጁ ላይ አስነሷትና በፍሪሲዮን ብቻ መኪናዋን እንድታንቀሳቅስ አዘዟት። ቢፍቱ በዚህ መኪና አይነሳም ብላ ነበር። ግራ እግሯን ጥቂት በጥቂት ስትለቅ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፤ መኪናዋ ትንሽ ራደች። እዚያው ላይ ያዥው አሏት። ያዘችው። መኪናዋም ያለ ነዳጅ፣ ያለ ጩኸት፣ በገዛ ፈቃዷ የተነሳች ይመስል መሄድ ጀመረች። ያን ቀን የተሰማትን ደስታ ቢፍቱ ለሰው ልትነግር ስትሞክር ሁልጊዜ ቃል ያጥራታል።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሌላውን ሁሉ በዚያው ላይ ጨመሩላት። ማርሽ ከገባ በኋላ እግርን ፍሪሲዮን ላይ ማሳረፍ ሞተሩንና ጎማውን የሚያያይዘውን የፍሪሲዮን ሸራ ሳያዩት እንደሚበላ፣ ዳገት ላይ መኪና የሚያዘው በፍሬን እንጂ በግማሽ ፍሪሲዮን እንዳልሆነ፣ ነዳጅ እያስጮሁ መነሳት የሸራን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ነገሯት። መንጃ ፈቃዷን ስታገኝ ሙያው ከእጅና ከእግሯ ጋር ተዋህዶ ነበር። ፋብሪካውን ተሰናብታ አንድ ሁለት ቦታ ከነዳች በኋላ ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ ነጋዴ የተማሪዎች ሰርቪሳቸውን ሰጧት።

መኪናዋ ጥሩ ነበረች። ከቢፍቱ በፊት የያዛት ሾፌር ግን ሰልፍ ባለበት ዳገት ሁሉ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ በፍሪሲዮን ተንጠልጥሎ መቆም ይወድ ስለነበር፣ ሸራው ተበልቶ ነው የተረከበችው። በእሷ እጅ ብዙ ጊዜ ቆየ። በኋላ ግን ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልፈጥን ስትል፣ የተቃጠለ ሽታም ሲመጣ፣ አቃቂ በሰቃ ወዳለው መካኒክ ወደ ወንድዬ ወሰደቻት። ወንድዬ ነድቶ ሞከራትና ሸራው ማለቁን ነገራት። ቅዳሜ ልጆቹ ትምህርት ስለማይኖራቸው ያን ቀን ሊቀይርላት ተስማሙ። እስከዚያው በሜዳው መንገድ እንድትሠራ፣ ዳገት ላይ ግን እንዳትቆም አደራ አላት።

ነገሩ የደረሰው ከቅዳሜ በፊት ነው። ቢፍቱ ልጆቹን አድርሳ ስትመለስ፣ በመሠራት ላይ ካለ አንድ ሕንፃ ሥር ሰው ተሰብስቦ አየች። ቀናው የሚባል ብረት በያጅ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ነበር። ነፍሱን አልሳተም፤ አይኑ ተከፍቶ ሰማዩን ያያል፣ ጀርባዬን እያለ ያቃስታል። አብሮት የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ አጥናፉ ሊያነሳው ሲጎነበስ፣ በቅርብ ካለው ክሊኒክ የተጠራችው ነርስ እየሩሳሌም ደርሳ እጁን ያዘችው። አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ያለ አግባብ ከተነቃነቀ ከወገብ በታች ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል አለች። ለአምቡላንስ ቢደወል ያሉት ሁሉ ሌላ ቦታ ነበሩ፤ ቶሎ አይደርሱም። ሰዉ አይኑን ወደ ነጯ ሚኒባስ አዞረ።

ቢፍቱ ፍሪሲዮኑን አሰበች። ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ አቃቂ ወንዝን ተሻግሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ዳገቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት በጭነት መኪና የተጨናነቀ ነው። እየሩሳሌምን ገለል አድርጋ የመኪናዋን ሁኔታ ሳትደብቅ ነገረቻት። እየሩሳሌም ጥቂት አሰበችና የምትፈራው ጊዜውን ሳይሆን መንገጫገጩን መሆኑን ነገረቻት።

«ቀስ ብለሽ ከወሰድሽው ይቆያል። ከተንገጫገጨ ግን እኔ ምንም ላደርግለት አልችልም» አለች።

«እንግዲያው ጫኑት» አለች ቢፍቱ።

ሠራተኞቹ ጣውላ አመጡ። እየሩሳሌም እያዘዘች፣ ሁሉም እኩል እያነሱ አስተኙትና ራሱን፣ ደረቱንና እግሩን በጨርቅ አስረው፣ ወንበሮቹን አጥፈው መኪናው ውስጥ አስገቡት። እየሩሳሌም ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ከጎኑ ተንበረከከች። አጥናፉ ከፊት ተቀመጠ።

ሜዳው መንገድ ላይ ቢፍቱ ከፊቷ ካለው መኪና በጣም ርቃ ነበር የምትነዳው። ከሩቅ ፍሬን ሲበራ ታይና ቀድማ ነዳጇን ትለቃለች፤ መኪናዋ በራሷ ትቀዘቅዛለች፤ ሳትቆምም መንገዱ ይከፈትላታል። አጥናፉ ሰው ሁሉ እየቀደማቸው ሲገባ እያየ ጉልበቱን ያሻሽ ነበር። የወንዙ ድልድይ ጋ ሲደርሱ የፈሩት አልቀረም። ዳገቱ ከላይ እስከ ታች በጭነት መኪና ተሞልቷል፤ ሰልፉ ትንሽ ይንቀሳቀስና ይቆማል፣ ይንቀሳቀስና ይቆማል።

ቢፍቱ ዳገቱ ሳይጀምር፣ ሜዳው ላይ መኪናዋን አቆመች። ፍሬቻዎቹን ሁሉ አብርታ እጇን መሪው ላይ አሳረፈች። ከፊቷ ያለው መኪና ወደ ላይ ተጠጋና ቦታ ተከፈተ፤ አልተነቃነቀችም። ሌላም ተከፈተ። ከኋላዋ ክላክሱ ቀለጠ። አጥናፉ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ወንድሜ እየሞተብኝ ነው፤ መንገዱ ተከፍቶ ለምን ትቆሚያለሽ?» አላት።

«ወንድሜ፣ ዳገቱ መሃል ካስቆሙኝ ይቺ መኪና አትነሳም። ብትነሳም እየዘለለች ነው። ዳገቱ ባዶ ይሁንልኝ፣ በአንድ ትንፋሽ አወጣዋለሁ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ እርግጠኛ አልነበረም። ከኋላ የቀናውን ማቃሰት ትሰማለች። ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ ይሰድባታል። ከምንም በላይ የከበዳት ግን፣ ልክ መሆኗን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው። ብትሳሳትስ? እግሯ ወደ ፍሪሲዮኑ ሄዶ ነበር፤ መለሰችው።

በዚህ መሃል ከኋላዋ ከቆመው ትልቅ ተሳቢ ውስጥ ሾፌሩ ወርዶ መጣ። ቃልቤሳ ይባላል፤ ስሙን ያወቀችው በኋላ ነው። ሊጣላ እንደመጣ አረማመዱ ይናገራል። መስኮቷ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ አየ፤ ጣውላው ላይ የታሰረውን ሰው፣ የተንበረከከችውን ነርስ አየ። ከዚያ ትንሽ አሸተተ።

«ፍሪሲዮኑ ነው?» አላት በቀስታ።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ቃልቤሳ ተመልሶ ተሳቢውን ትንሽ አንቀሳቀሰና መንገዱ ላይ አጋደመው፤ ከኋላ የሚመጣ አንድም መኪና ቀድሟት ዳገቱ ውስጥ እንዳይገባ ዘጋው። ከዚያ ወርዶ መንገዱ መሃል ቆመና የሚጮሁትን ሾፌሮች በእጁ ያበርድ ጀመር። ከፊቷ ያለው ሰልፍ እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄዶ የመጨረሻው መኪና ከአናቱ ላይ ተሰወረ።

ቢፍቱ አንደኛ ማርሽ አስገባች። ግራ እግሯን ጥቂት በጥቂት ለቀቀች። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እዚያው ላይ ያዘችው፤ ሸራው መያዙን ተረከዟ ላይ ሲሰማት ነዳጅ በጥቂቱ ሰጠች፣ እግሯንም ጨርሳ አነሳች። መኪናዋ እንደ ውሃ ፈሰሰች። ዳገቱ ሲጀምር ሁለተኛ ማስገባት አማራትና ተወችው፤ ማርሽ ስትቀይር ሸራውን ማላቀቅና እንደገና ማጋጠም ሊኖርባት ነው። መሃል ላይ ሞተሩ ድንገት መጮህ ጀመረ፣ መኪናዋ ግን አልፈጠነችም፤ ሸራው ይንሸራተት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ነዳጁን ይረግጣል። እሷ ቀነሰችለት። ጩኸቱ ረገበ፣ ሸራው እንደገና ያዘ። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሕፃን ታቅፎ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ በዚያው አካሄድ አናቱ ላይ ወጡ።

ጣሪያውን ብቻ እያየ የሚጓዘው ቀናው፣ ዳገቱን መቼ ነው የምንጀምረው ብሎ እየሩሳሌምን ጠየቃት። አልፈነዋል አለችው። አጥናፉ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ።

ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ መርምሮ አንድ አጥንት መሰንጠቁን፣ ነርቩ ግን አለመነካቱን ነገራቸው። አስተሳሰሩን አይቶ እየሩሳሌምን አመሰገነ። እሷም ውጭ መኪናዋን ተደግፋ ወደቆመችው ሴት አሳየችው፤ ሐኪሙም ወጥቶ የቢፍቱን እጅ ጨበጠ። ቀናው ወራት ተኝቶ፣ በክራንች ቆሞ፣ በመጨረሻ በእግሩ ሄደ።

ቢፍቱ በዚያ ቀን ልጆቹን ለመውሰድ ዘግይታ ነበር የደረሰችው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆዩት ሕፃናት አልቅሰዋል፤ ወላጆች ተቆጥተዋል፤ ወይዘሮ አስቴርም ደውለው ገሥጸዋታል። እሷ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ከማለት በቀር አንድም ነገር አላወራችም። ነገሩን ያወጣችው እየሩሳሌም ናት፤ ክሊኒክ ለመጣች አንዲት እናት ነገረቻት፣ እናትየዋም ለብሎኩ ሁሉ። በማግስቱ የተቆጡት ወላጆች በየበራቸው ቆመው ጠበቋት። አንዳንዱ እጇን ጨብጦ፣ አንዳንዱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ልጁን አስገባ።

ቅዳሜ ወንድዬ የማርሹን ካምቢዮ አውርዶ ሸራውን አወጣው። ሸራ የሚባል ነገር አልቀረውም፤ ሸራውን የያዙት ምስማሮች ብረት ለብረት ሊፋጩ ደርሰዋል። ወንድዬ አገላብጦ አየውና በዚህ ነው ዳገቱን የወጣሽው ብሎ ጠየቃት። ሌላ ምን ነበረኝ አለችው።

ሰኞ ጠዋት አዲሱን ፍሪሲዮን ይዛ ልጆቿን ልትለቅም ወጣች። አዲስ ሸራ ደግሞ ፔዳሉ ላይ የሚይዝበት ቦታ ሌላ ነው፤ እግሯ የለመደው አሮጌውን ነበር። የመጀመሪያው ብሎክ ጋ ሞተሩ ጠፋባት። አስነስታ ስትሞክር መኪናዋ ዘለለችና እንደገና ጠፋች። የተኙት ሁሉ ነቁ። ከኋላ ያለች አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ቢፍቱዬ መንዳት ረሳሽ እንዴ አለቻት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ቢፍቱም መሪው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቁልፉን አዞረች።