የጋሽ አድማሱ ዕጣ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። እሳቸው ፊት ስቀርብ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ተማሪ መሳደቤን ሁሉ እዘረዝርና ይህችኛዋ ላይ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። «ሌላስ የቀረህ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም ዓይናችሁን አላይም፤ ምናልባት ለእናንተ ይቀለኝ ይሆናል።

የሰረቅኩት ጫማ ነው። የሩጫ ጫማ። ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ እንደ ቀላል ነገር ነበር የቆጠርኩት።

ያኔ ቢቸና ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ተሰባስበን ማለዳ ማለዳ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብለን ሮጠን እንመለሳለን። አንዳችንም አትሌት አይደለንም። ቦርጭ ያስቸገረው አለ፣ ብቸኝነት ያስመረረው አለ፣ እኔ ደግሞ ከደሴ ተመድቤ መጥቼ ሰው የማውቀው በዚያ ሩጫ ነው። ችግራችን ጫማ ነበር። ገበያ ላይ የምናገኘው ሲያዩት ያምራል፣ አንድ ክረምት ግን አይሻገርም፤ መረሬው ጭቃ ሶሉን ገንጥሎ ያስቀረዋል። ደህናው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ እሱን ደግሞ በአንድ ደመወዝ መግዛት አይታሰብም። ስለዚህ የጫማ ዕቁብ ጀመርን። ደመወዝ በወጣ ቁጥር እናዋጣለን፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ሰው የእግሩን ቁጥር ይናገራል፤ ነርሷ ሲስተር ሰብለ አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ትደውልና እሱ መርጦ ገዝቶ በአውቶቡስ ይልካል። የዕቁቡ ዳኛ እኔ ነበርኩ።

በብዙ ዕቁብ የመጀመሪያው ዕጣ የዳኛው ነው። ሰጥተውኝም ነበር። እኔ ግን ተነስቼ «የለም፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው በዕጣ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው እንዴት እንደጣመኝ! ከዚያ በኋላ ዕጣው በወጣ ቁጥር እኔን ይዘለኛል። የአንዱ ቀይ፣ የአንዱ አረንጓዴ ጫማ ማለዳ ከፊቴ ሲያልፍ ዓይኔ ተከትሎት ይሄዳል። በአፌ የለቀቅኩትን በልቤ አልለቀቅኩትም ነበር። በእግሬ ያለው ጫማ ግን ገና አላለቀም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ምክንያት እንዳልፈልግበት። ገና ነበር።

ጋሽ አድማሱ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሲሮጡም ሲያወሩም የማይቸኩሉ ሰው። በዕጣው ዋዜማ ትምህርት ቤት ድረስ መጡና «መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርህ» ብለው ከዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። ጫማቸውን አወለቁ። ሶሉ ከማለቁ የተነሳ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል። ስኳር አለባቸው። እግራቸው እየደነዘዘ ስለሆነ እሾህ ቢገባ እንኳ እንደማይሰማቸው፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ እንዲያደርጉ ሐኪሙ አስጠንቅቋቸዋል።

በእኛ ዕቁብ የቸገረው ሰው ተነስቶ ችግሩን ተናግሮ ዕጣ መለመን ይችላል፤ የደረሰውም ይለቅለታል። እምቢ ያለ አይቼ አላውቅም።

«ቆሞ መለመኑ ግን አልሆነልኝም» አሉ ጋሽ አድማሱ። «ስኳሬ ከተሰማ መሥሪያ ቤት ‹ሽማግሌው አለቀለት› ይሉኛል። ዕጣው ለሌላ ሰው ከወጣ ‹አንድ የቸገረው አለ› ብለህ አንተ ለምንልኝ። ስሜን ብቻ አትጥራ።»

«ለዚህ ያስባሉ እንዴ ጋሼ? እኔ አለሁ» አልኳቸው። እኔ አለሁ። ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከሩጫ መልስ ሁሌ የምንቀመጥበት ሻይ ቤት ተሰበሰብን። ሲስተር ሰብለ ዕጣዎቹን በአንዱ ቆብ ውስጥ ጨምራ አማሰለችና አንዷን አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ። ከፈትኳት። በራሴ እጅ የተጻፈ ነው፦ አድማሱ። ልመና እንኳ አላስፈለገም፤ እግዚአብሔር ቀድሞ ሰጥቷቸው ነበር። እኔ አድማሱ የሚለውን አየሁ፣ አየሁና የራሴን ስም ጠራሁ።

ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሰይጣን ምን አደረገ? ያነበብኩት እኔ፣ የጠራሁት እኔ። ከመጥራቴ በፊት አስቤበት ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ከጠራሁ በኋላ ግን ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ። «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ይቻል ነበር፤ ስቀው ያልፉት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ እኔ ግን የወጣውን ለመመለስ እጄንም አልዘረጋሁ። «እሰይ፣ ለመምህርም ደረሰ!» ተባለ። ቀሪዎቹን ዕጣዎች የሚሰበስበው ዳኛው ስለሆነ ማንም የመረመረኝ የለም። ብጣሿን ጨብጬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጣልኳት፤ ለሚቀጥለው ዙር የእኔን ስም አውጥቼ የእሳቸውን በሌላ ብጣሽ ጻፍኩ።

ጋሽ አድማሱ አብረው አጨበጨቡ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ዕጣው ለሌላ ከወጣ እለምንልዎታለሁ ብያቸው የለ? ያ ሌላው ሰው እኔው ሆንኩ። ለቀቅኩ ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። አላልኩም። እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ ሻይ ብርጭቋቸው መለሱ። ስንወጣ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ደስ ብሎኛል፣ አንተም እኮ ብዙ ጠብቀሃል። የእኔም ይደርሳል» አሉኝ።

ጫማው መጣ። ሰማያዊ ነበር። የጋሽ አድማሱና የእኔ እግር ቁጥር አንድ ነው፤ ዋዜማውን ጫማቸውን ሲያሳዩኝ ምላሱ ላይ አይቼዋለሁ። ስለዚህ የሚከለክለኝ ነገር አልነበረም። «ጠብቦኝ ነው፣ ይውሰዱት» ብል ማን ይጠረጥረኛል? ማለዳ ተነስቼ ክሩን ባሰርኩ ቁጥር ነገ እሰጣቸዋለሁ እል ነበር። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለስልሶ ለእግሬ ተስማምቶኛል። ከጎናቸው ስሮጥ የእኔ ጫማ ድምፅ የለውም፣ የእሳቸው ጷ ጷ ይላል።

እሳቸው ግን ዝም ብለው አልጠበቁም። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው ከሥሩ የመኪና ጎማ አስመቱበት።

«አሁንስ መኪና ሆኛለሁ፣ ትቀድሙኛላችሁ ወይ?» ብለው ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አንድ ማለዳ ሩጫ ላይ ጎማውን የያዘው ሚስማር ወደ ውስጥ ዘልቆ እግራቸውን ወጋ። አልተሰማቸውም። ሁሌ ዞረን እስከምንመለስበት ድልድይ ድረስ ሄደው፣ ተመልሰው፣ ከእኛ ጋር ሻይ ጠጥተው፣ ተሰናብተው ነው ቤታቸው የገቡት። ደሙን ያዩት ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ናቸው፣ ካልሲውን ሲያወልቁላቸው። እኔ ያን ማለዳ ከጎናቸው ነበርኩ። በሰማያዊው ጫማ።

ቁስሉ አልድን አለ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገቡ። መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ኋላ የእግራቸውን ግማሽ ቆረጧቸው።

ከዚያ በኋላ ደግ ሰው ሆንኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ እሳቸው ጋ ነው፤ መድኃኒት አመጣለሁ፣ ደጅ ሲወጡ እደግፋቸዋለሁ። እትዬ የሻረግ «የወለድነው እንኳ እንዲህ አላደረገልንም» እያሉ ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ። ምን ልበል? ሁልጊዜ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እገባለሁ፣ ተመርቄ እወጣለሁ።

ጋሽ አድማሱ ዕቁቡን አላቋረጡም። ገብቶ ማቋረጥ ነውር ነው ብለው ከዚያች ደመወዛቸው እየከፈሉ ቆዩ። ዕጣቸው ግን አልወጣ አለ፤ ያኔ አንዴ ወጥቶላቸው የለ? በመጨረሻ የቀረው ስም የእሳቸው ብቻ ሆነና ዕጣ ማውጣት ሳያስፈልግ ሁላችንም ቤታቸው ሄድን። ሲስተር ሰብለ ብሩን በእጃቸው ልትሰጣቸው አስባ ነበር። እምቢ አሉ።

«የጫማ ዕቁብ ነው የገባሁት፣ ጫማ ይገዛበት። እኔ እንግዲህ ምን አደርግበታለሁ? ለመምህር ይሁን። እኔ ጋ ሲመላለስ ነው ጫማው ያለቀው። ቁጥራችንም አንድ ነው።»

ሲስተር ሰብለ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጊዜው ያኔ ነበር። ምስክሮቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ፣ የተበደሉትም ሰው ፊት ለፊቴ፣ ግማሽ እግራቸውን ትራስ ላይ አሳርፈው። አፌን ከፈትኩ። አልቀበልም ብል ለምን ይሉኛል፤ ለምን ሲሉኝ ደግሞ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ጉልበታቸውን ሳምኩና «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ።

የአንድ ሰው ዕጣ ሁለት ጊዜ ወሰድኩ። መጀመሪያ ሰርቄ፣ ኋላ ተመርቄ።

ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ገባሁ። ሸሽቼ ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሰማያዊው ጫማ ተበጣጥሶ አልቋል። ሁለተኛው ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር ነው። ለሌላ ሰው ልሰጠው አልኩ፣ የእኔ ያልሆነውን እንዴት እሰጣለሁ? ልጥለውም አልቻልኩም። ሩጫም ከተውኩ ቆየሁ።

ጋሽ አድማሱ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። እኔ ነበርኩ መደወል የነበረብኝ። ባለፈው ፋሲካም ደወሉ። የልጆቹን፣ የአዝመራውን፣ የክራንቻቸውን ነገር አወሩኝና እንደ ሁልጊዜው ጠየቁኝ፦

«ያ ጫማ እንዴት ነው? እየሮጥክበት ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ በየማለዳው» አልኳቸው።

«ጎሽ፣ እንዳታቋርጥ። አንተ ስትሮጥ እኔም የቀረሁ አይመስለኝ።»

እዘኑልኝም፣ ይቅር በሉኝም አልላችሁ፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅር ማለት የሚችሉት አንድ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ያመሰግኑኛል።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁ። አልከፈትኩትም። አቧራውን ጠርጌ መለስኩት።