አጎቴና የሸሸሁት ቃል

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አላህ ይዘንላቸው፣ አሰበ ተፈሪ ከተማ ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ ነበር። እኛ ተማሪዎቻቸው ቲያትር ስናጠና ቃል ለጠፋበት አያቀብሉትም። ዝም ብለው ይጠብቁና፣ «ምን አስፈርቶህ ነው የሸሸኸው?» ይሉታል። ሰው ያለ ምክንያት እንደማይረሳ፣ መሸከም ያቃተውን ነገር ከራሱ እንደሚደብቅ፣ ከሥነ ልቦና መጻሕፍት አንብበው ያምኑ ነበር። በጥንቶቹ ትራጄዲዎችም ነገሥታቱን የሚጥላቸው ከጠላት ይልቅ ይኸው ከራሳቸው የደበቁት ነገር ነው ይሉናል።

አባቴ በሶማሊያ ጦርነት መሞቱ ተነግሮን፣ አስከሬኑ ግን ሳይመጣ በቀረ በዓመቱ፣ አባቷ የተገደለባት ልዕልት ሆኜ እንድጫወት መረጡኝ። ሌላውን ሁሉ አጥንቼዋለሁ፤ «አባቴ ሞቷል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ይጠፋብኛል።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሌሎቹን አሰናብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ብትዪው ምን ይመጣል?»

«እውነት ይሆናላ፣ አጎቴ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔም እስከ ዛሬ አላልኩትም። ነይ፣ አብረን እንበለው።»

ባዶው ክፍል ውስጥ አብረን አልነው፤ ተቃቅፈንም አለቀስን። የዚያን ዕለት ቤት ገብተን ከእናቴ ጋር ለሞተ ሰው የሚደረገውን ዱዓ ለአባቴ አደረግንለት። እስከዚያ ድረስ በሰላም ይመለስ ዘንድ ነበር የምንለምንለት።

እነሆ አሁን እሳቸውም ሄዱ። ግቢያቸው ስገባ «ማነው?» የሚለኝ ድምፅ የለም። ለሞተ ሰው ማልቀስን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና፣ ከቀብራቸው መልስ ማንንም ሳላፍር አለቀስኩላቸው።