በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ስኳር

ሐኪሙ «ከዛሬ ጀምሮ መርፌውን የምትወጊው በቀን አራት ጊዜ ነው» ሲለኝ እንደ ገበያ ልከራከረው ሞከርኩ።

«ዶክተር፣ ሁለቱን እንኳ በግድ ነው የለመድኩት። ሦስት አይበቃም?»

«ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት በፊት፤ ከዚያ ደግሞ ስትተኚ። የምግቡን መርፌ ከተወጋሽ ሳትበዪ እንዳትቆዪ፤ ስኳርሽ ወርዶ ትወድቂያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«ዕድሜ ልክ።»

ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው እንኳ ይግባኝ ይላል። እኔ ይግባኝ የምልበት አጣሁና ኢንሱሊኔን በፌስታል አንጠልጥዬ ወጣሁ።

የምኖረው ከእናቴ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ላምበረት አካባቢ፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት። ቤት ውስጥ የምወጋውን እንደምንም ቻልኩት። የገደለኝ የምሳው ነው። የሥራ ቦታዬ ሽንት ቤት እንኳን መርፌ አፍንጫም አያስገባም። ስለዚህ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ተደብቄ፣ በለዝ ከሞላው ሆዴ ላይ ያልበለዘ ቦታ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ልጇን ልታስለካ የመጣች ሴት አየችኝና ልጁን እየጎተተች ወጣች። አሠሪዬ ክፉ ሴት አይደለችም። ቢሆንም «አንቺ ልጅ፣ ሰው እኮ ሱሰኛ ቀጥራለች እያለኝ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የምሳውን መርፌ መዝለል ጀመርኩ። ውሃ ጥሙ ተመለሰ። ዓይኔ ፈዝዞ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ። መሞት አልፈልግም ነበር፤ እንዲህ መኖርም አልፈልግም ነበር። በዚህ መካከል እናቴ «እንጦጦ እንውጣ፣ ጸበል ግቢ» አለችኝ። «ስንቱ በቃሬዛ ወጥቶ በእግሩ ወርዷል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሟገታት ነበር። ያን ጊዜ ግን እኔ እምነት ባይኖረኝ የእሷ ለሁለታችን ይበቃል ብዬ ተነሣሁ።

ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ሐኪሙ ያለኝንም አልረሳሁም። ሁለቱንም ማስቀየም ፈራሁ። ስለዚህ በማለዳ ለሐኪሙ ብዬ ተወጋሁ፣ ለእመቤታችን ብዬ ሳልበላ ቀረሁ። ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም እየተባልኩ ማደጌን ማን ያስታውሰኝ!

ወረፋው ረጅም ነበር። ከባሕር ዛፉ ሥር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። እናቴ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ በሕይወቴ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ሰደብኳት።

«ያዛት! ያዛት!» ብላ አንዲት ሴት ከኋላዬ ጮኸች።

ሰው ከበበኝ። ክንዴን ጠምዝዘው ወደ ፊት ገፉኝ፤ ውሃው ፊቴ ላይ ወረደ። አጥማቂው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ተጭነው «ማነህ? ተናገር! በምን ያዝካት?» ይላሉ። ሳልበላ መቆየቴ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። መንቀጥቀጤ በባሰ ቁጥር ሕዝቡ እልል ይላል። እዚያው እንደምሞት፣ በሞቴም ላይ ዳነች ብለው እልል እንደሚሉ ታወቀኝ።

እናቴ ሰዉን በክርኗ ሰንጥቃ ገባች። ካህን ፊት ቀና ብላ የማታውቅ ሴት ናት። «አባቴ ይፍቱኝ፣ ልጄን ይልቀቁልኝ! ሰይጣን የለባትም!» ብላ የአጥማቂውን እጅ ከነመስቀሉ ገፋች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ፈታችና ስኳር አውጥታ አፌ ውስጥ ጨመረችው።

«ኧረ ጸበል ሳትጠጣ!» አላት አንዱ። ስኳሩን በጣቷ ድዴ ላይ ታሸዋለች፣ ታለቅሳለች።

ነፍሴ ስትመለስ ግንድ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። እናቴ ለነዳያን ልትሰጠው የያዘችውን ዳቦ እየቆረሰች ታጎርሰኛለች። የነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮው ከተፈታ በኋላም እንደተጨማደደ ነበር። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ነው የቋጠረችው ማለት ነው።

«እማዬ፣ ስኳሩን ለምን ያዝሽው?»

«እመቤታችን ብትምርሽ ብዬ አመጣሁሽ። ባትምርሽስ ብዬ ቋጠርኩ።»

ያኔ እውነተኛው ለቅሶ መጣብኝ። ለሁለት ይበቃል ያልኩት እምነት ለእሷም አልበቃትም ነበር። ከዚህ በኋላ የምወጣበት ተራራ አልቀረኝም።

ላምበረት ስንደርስ የአባዶ ታክሲ ሰልፍ ያስፈራል። ምሳ በልተን እንሂድ ተባብለን አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥንና ሽሮ አዘዝን። ደሜን ስለካው ስኳሬ ወጥቷል። መርፌውን አውጥቼ እንደ ልማዴ መደበቂያ ፈለግሁ። የትም የለም፤ በረንዳው ሰው ብቻ ነው። መልሼ ልከተው ስል እናቴ ብድግ አለች። ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችና እንደ መጋረጃ ይዛልኝ ቆመች። ነጠላ ስስ ነው፤ ማየት የፈለገ ሁሉ ያያል። አንድ ሻንጣ የተሸከመ ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ አፈጠጠ።

«ምን ታያለህ?» አለችው። «ልጄ ምሳዋን ልትበላ ነው።»