ፀሐይ ላይ የተሰጡት ሸክላዎች

ጽጌማርያም ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጣ የሰው ልብስ ስታጥብ ነው የኖረችው። ሰው ቢከዳት እንኳ ፀሐይ ከድታት አታውቅም። ክረምቱ ሲወጣ እርጥበት የነካውን ሁሉ ታሰጣለች። ዘንድሮም ከብርድ ልብሱ ጋር የልጇን የሳምሪን አሥር የሙዚቃ ሸክላዎች ከካርቶናቸው አውጥታ ቆርቆሮ ላይ አሰጣቻቸው። ሸክላዎቹ ላይ ያለው ሳምሪ በአሮጌ ኪቦርድ የሠራችው፣ ዘፋኝ የሌለው፣ እንደ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ሙዚቃ ነው። ውጭ አገር መቶ ብቻ ታትሞ ለእሷ የደረሳት አሥሩ ነበር።

ከሰዓት ስታነሳቸው ዳርዳራቸው እንደ ቂጣ ተጣሟል።

ሳምሪ ከአየር ጤና ሰፈር ስትመለስ አየቻቸውና አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው መለሰቻቸው። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ጽጌማርያም ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበራቸውን ጎረቤቷን ጋሽ ደመቀን ጠርታ መጣች።

«ሸክላን እንደ ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ታሰጫለሽ እንዴ፣ ጽጌ?» አሉ ሳቃቸውን እየዋጡ።

«ምን አውቄ፣ ጋሼ። ይድናል ወይ?»

«ብዙ አድነናል። በሁለት መስታወት መሃል አድርጊውና ለብ ባለ ፀሐይ ጥቂት አቆዪው። ከዚያ ጥላ ውስጥ አስገቢውና ክብደት ጫኚበት።»

ጽጌማርያም የቡፌዋን ሁለት መስታወቶች አወለቀች። አንዱን ሸክላ መሃላቸው አስገብታ እንደተባለችው አሞቀችው፤ ከዚያም ግማሽ ጆንያ ጤፍ ጫነችበት።

በማግስቱ ሳምሪ አጫወተችው። የማጫወቻው መርፌ ሳይዘል እስከ መጨረሻው ሄደ።

«እማዬ፣ ድኗል» አለችና አቀፈቻት።

ሙዚቃው ለጽጌማርያም አሁንም አልገባትም። ቢሆንም «እስቲ ድገሚው» ብላ ቁጭ አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጧ ነበር።