ባለእጁ ያልተጠራበት ስብሰባ

አባቴ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ልደታ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከሌሎች አምስት ስድስት ራፖር ጸሐፊዎች ጋር ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈ ነው ያሳደገን። አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የምትደገፍ ትንሽ ጠረጴዛ ነበረችው። የእጅ ጽሑፉ ከማማሩ የተነሳ ዳኞቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት "ይቺማ የእሱ ናት" ይሉ ነበር ይባላል። ይባላል የምለው ወሬውን ቤት ያመጣው ራሱ አባቴ ስለሆነ ነው።

በዚያ በሚኮራበት ቀኝ እጁ፣ ሌባ ጣቱ ላይ፣ በልጅነቱ እሳት ያቃጠለው ጠባሳ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ እኔ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጠባሳው ላይ ቁስል ወጣና አልድን አለ። ጸበል ተሞከረ፣ ቅባት ተሞከረ፣ የሰፈሩ ሰው ያዘዘው ቅጠል ሁሉ ተሞከረ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንለው "ባለጉዳይ ይጠብቀኛል" ይልና ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይወጣል። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔው ጎትቼ ወሰድኩት።

ሐኪሙ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። ከቁስሉ ትንሽ ቆርጦ ለምርመራ ላከ፣ ቀጠሮ ሰጠን። በቀጠሮው ቀን ወረቀቱን አነበበ፤ አባቴን አየ፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና እንግሊዝኛ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እችላለሁ አልኩት፤ እንግሊዝኛ መቻሌን የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አሥር ደቂቃ ያህል በእንግሊዝኛ ተነጋገርን። ካንሰር ነው አለኝ። እጁ ከአንጓው ላይ መቆረጥ አለበት አለኝ። አባቴ መካከላችን ቁጭ ብሎ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ሲወጣ እኔ ወደ ኋላ ቀረት አልኩና ሐኪሙን እባክዎ ለአባቴ እንዳይነግሩት ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ፤ እንዲያውም የተገላገለ መሰለኝ። የኛ ቤት ብቻ አይደለም፣ ወጉ እንደዚያ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ቤተሰብ ይሰማል፣ ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ቤተሰብ ይወስናል። በሽተኛው ሾርባ ይጠጣል።

"ምን አለሽ?" አለኝ አባቴ በረንዳው ላይ።

"ተራ ቁስል ነው። ትንሽ ሕክምና ይፈልጋል።"

"ለተራ ቁስል ይሄን ያህል እንግሊዝኛ?"

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እሱ ጨርቁን ሲያስተካክል እኔ በመስኮት ሳይ፣ ልደታ ደረስን።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ቤተሰቡ ማለት እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ እኔና አጎቴ ነን። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቀበሌ ውስጥ ስብሰባ ሲመራ ስለኖረ አራት ሰው አንድ ላይ ሲቀመጥ ካየ አጀንዳ ሳያስይዝ አይላቀቅም። አባቴ ምሳውን በልቶ ከኮምፔርሳቶው ጀርባ፣ መኝታው ላይ፣ ጋደም ብሏል። ተኝቷል ብለናል። ያቺን ስስ ጣውላ ያቆማት ራሱ አባቴ ነው፤ በወዲያ በኩል የዝንብ ድምፅ ሳይቀር እንደሚሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ለምን እንደረሳነው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "አጀንዳው አንድ ነው። የጋሼ እጅ" አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን አስረዳሁ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ወንድሜ ሌላ ሐኪም እንጠይቅ አለ፤ አጎቴ ጊዜ የለም አለው። ለአባቴስ ምን እንበለው ሲባል፣ ቁስልህ ሊታጠብልህ ነው ብለን በማደንዘዣ እናስተኛው፣ ሲነቃ ያኔ ይታያል ተባለ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔ!

"እንግዲህ ወደ ድምፅ እንሂድ" አለ አጎቴ። "እጁ እንዲቆረጥ የምትደግፉ?"

አራታችንም እጃችንን አወጣን። አጎቴ በጣቱ ቆጠረን፣ ራሱንም ጨመረ።

"የሚቃወም?"

አጎቴ ዙሪያውን አየ።

"ድምፀ ተአቅቦ?"

"ተቃውሞ አንድ!" አለ ኮምፔርሳቶው።

እናቴ "ወይኔ ልደታ!" ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ብቅ አለ። አራታችንም እጃችንን እንዳወጣን ቀርተን ነበር፤ አንድ በአንድ አወረድን።

"ካንሰር መሆኑንስ ዱሮ አውቄዋለሁ" አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። "በእንግሊዝኛም ካንሰር ካንሰር ነው እኮ። ስምንት ጊዜ ስትሉት ቆጥሬያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ አባዬ?"

"አንቺ እንዳትጨነቂ ነዋ! ምንም እንደሌለ ስታስመስዪ አሳዘንሽኝ።"

እሱ ለኛ ሲል፣ እኛ ለእሱ ስንል፣ ሳምንት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ስንደባበቅ ከርመናል ማለት ነው። ወንድሜ መሳቅ ጀመረ፤ እናቴም እያለቀሰች ሳቀች። አባቴ ግን ያኔ ቁጭ አለና ቀኝ እጁን በግራው ያዘ። የሚቆረጠው እጁ መሆኑን አላወቀም ነበር። እሱን የሰማው ከጣውላው ጀርባ፣ ከኛ አፍ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ጋሼ፣ ለሕይወትህ ብለን ነው" አለ አጎቴ።

"ለሕይወቴ መሆኑን አውቃለሁ። ስብሰባው ግን ይፈርሳል፤ ባለእጁ አልተጠራበትም።"

በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ፍርድ ቤት በር ሄደ። የመጀመሪያውን ባለጉዳይ "ዛሬ ከፊትህ ሌላ ባለጉዳይ አለ" ብሎ አስቆመውና ለራሱ መጻፍ ጀመረ። ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ እንዲህ ይላል፦

"ለቀዶ ሕክምና ሐኪም። ጉዳዩ፦ ስለ ቀኝ እጄ እኔም እንድጠየቅ ስለማመልከት። አመልካች ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ሲሆን፣ እኔ በተገኘሁበት ነገር ግን በማልሰማው ቋንቋ እጄ እንዲቆረጥ የተወሰነ መሆኑን ዘግይቼ ተረድቻለሁ። ውሳኔውን ለመቃወም ሳይሆን፣ በሽታዬ ምን እንደሆነ፣ ሌላ መንገድ ካለም ምን እንደሆነ፣ እያንዳንዱ መንገድ ምን እንደሚያስከፍለኝ በአማርኛ ተነግሮኝ፣ የበኩሌን እንድናገር በትሕትና አመለክታለሁ።"

ሐኪሙ ጋ እየፈራሁ አብሬው ገባሁ። ጊዜው ሰው ከባለሥልጣን ጋር ቀርቶ ከዘበኛ ጋር የማይከራከርበት ነበር፤ ውጭ ያለው ወረፋ ደግሞ እስከ በሩ ይደርሳል። ሐኪሙ ማመልከቻውን አንድ ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረው። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወንበሩን ከእኔ ወደ አባቴ አዞረና "ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ" አለው። "ቤተሰብ እንዳይነገር ሲለምነን እሺ ማለት ለምዶብን ነው። በዚህ እጅዎ ምን ምን ይሠራሉ?"

እኔ ልጁ፣ ይህን ጠይቄው አላውቅም።

አባቴ በግራ እጁ ጣቶች መቁጠር ጀመረ። "እጽፍበታለሁ። አማትብበታለሁ። ሚስቴን አጎርስበታለሁ" አለ። የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሐኪሙ ግን ሰምቶታል።

ሐኪሙ ማመልከቻውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አደረገ፤ የአባቴን እጅ በወረቀቱ ጀርባ ላይ አስዘርግቶ በእርሳስ ዙሪያውን ሣለው። ከዚያ ሁለት መስመር አሰመረ። አንዱ አንጓው ላይ ነው። ሌላው ከሌባ ጣቱ ሥር ተነስቶ መዳፉ ውስጥ ይገባል።

"እዚህ አንጓው ላይ ብቆርጥ እኔ ልቤ ያርፋል" አለ። "በዚህኛው ጣቱን ከነመዳፍ አጥንቱ አወጣዋለሁ፤ ሌላው ይቀርልዎታል። ግን በሽታው ሊመለስ ይችላል። ከተመለሰ እጁ ይሄዳል፤ ብብትዎ ውስጥ ከገባ ደግሞ እጁን መቁረጥም ላያድንዎት ይችላል።"

"የመመለሱ ነገር እንዴት ነው? ይመለሳል? አይመለስም?"

"አላውቅም።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ሰማሽ? በአማርኛ አላውቅም አለ" አለኝ፤ ደስ ብሎት ነበር። ለዓመታት ለስንት ቢሮ ሲጽፍ፣ አላውቅም ብሎ የመለሰለት ሹም አላጋጠመውም።

"እርስዎ በኔ ቦታ ቢሆኑስ?"

"እኔ ፈሪ ነኝ፤ ከአንጓው እል ነበር። ግን እኔ ራፖር አልጽፍም፤ ሚስትም የለኝ።"

አባቴ ሥዕሉን ወደ ራሱ ሳበው። እኔ በልቤ "አንጓውን በል፣ አንጓውን በል" እል ነበር፤ መሞቱን ነበር የምፈራው። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። በዚያ ክፍል ውስጥ የሠራሁት ብቸኛ ጥሩ ነገር እሱ ነው።

"ጣቱን ውሰደው ልጄ" አለ አባቴ። "ከተመለሰ አንጓውን አልከራከርህም።"

"እኔም ቅድመ ሁኔታ አለኝ" አለ ሐኪሙ። "በየወሩ ይመጣሉ። ባለጉዳይ ይጠብቀኛል የለም። ቅጠልም የለም።"

"ተስማምቻለሁ። እኔ ፊት እንግሊዝኛም የለም።"

ሐኪሙ እየሳቀ ማመልከቻው ጠርዝ ላይ "ከባለጉዳዩ ጋር ተነጋግረን ጣቱ ብቻ እንዲወጣ ተስማምተናል፤ በየወሩ ይቀርባል" ብሎ ጽፎ ፈረመ። አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው። "ማኅተምስ?" አለ። ነርሷ ከካርድ ክፍል ማኅተም አስመጥታ መታችለት።

ጣቱ ወጣ። አባቴ ቃሉን አከበረ፤ በየወሩ ማመልከቻውን በኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር። ሐኪሙ ብብቱን ዳብሶ "ንጹሕ ነው" ሲለው "በጽሑፍ" ይለዋል። በሽታው አልተመለሰም። በኋላ ዕድሜ ጠግቦ፣ በሌላ ነገር፣ ከቀኝ እጁ አራት ጣቶች ጋር ነው የተቀበረው።

እኔ ግን የማስታውሰው ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ያህል በኋላ የነበረውን እሁድ ነው። ሁላችን ድምፅ በሰጠንበት በዚያ ክፍል ውስጥ ምሳ ቀርቦ፣ አጎቴም መጥቶ፣ እስከዚያ ቀን በግራው ይበላ የነበረው አባቴ እጁን ታጠበና ቀኙን ወደ ትሪው ሰደደ። አውራ ጣቱና መሃል ጣቱ ለመገናኘት ተቸገሩ። ሁለት ጊዜ አመለጠው። ማንም ላግዝህ አላለውም፤ ተምረን ነበር። በሦስተኛው ጠቀለለና መጀመሪያ እናቴን አጎረሳት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች።

ቀጥሎ ወደ አጎቴ ዞረ። "ሰብሳቢው፣ አፍህን ክፈት።" አጎቴ ከፈተ። ወንድሜን አጎረሰ። ከዚያ ትልቁን ጠቅልሎ፣ ወጡ በአንጓው እየወረደ፣ ወደ እኔ አመጣው።

"የምትደግፊ?" አለኝ።

ቀኝ እጄን አወጣሁና አፌን ከፈትኩ።