የአስራ አንድ ደቂቃ ኩርፊያ

ሰው ሁሉ «ቤዙ» ነው የሚለው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ የሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ሲመታ ስለኖረ፣ ዋናውን ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ቤዝ ጊታር፣ ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፣ እንደ ጨው ነው፤ ሲኖር የሚያመሰግነው የለም፣ ሲጠፋ ግን ሁሉም ፊቱን ያጨማድዳል። ዘፋኙ ይጨበጨብለታል፣ ይሸለማል። ቤዙ ከድምፅ ማጉያው ጎን ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል። ዓይኑን የሚጨፍነው እንቅልፍ አሸንፎት እንዳይመስላችሁ፤ በደንብ ለመስማት ነው።

ታዲያ ይህ ሰው በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሳ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ሠርግ ላይ ነው። በሁለት ዘፈን መሃል፣ እንደልማዱ እንደጨፈነ፣ አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ማንኪያ ሲቀመጥ ሰማ። ቀጥሎ ወንበር ተሳበ። ማንኪያ። ወንበር። ረጅም ዝምታ። አንድም ቃል የለም። «እነዚህ ባልና ሚስት ተኳርፈዋል» አለ በልቡ፤ ዓይኑን ገልጦ ቢያይ፣ እውነትም ባልየው ወደ ግድግዳው፣ ሚስትየው ወደ በሩ ዞረዋል። በዚያው ቅጽበት አጭር ፊልም ታየው። ንግግር የሌለበት፣ በድምፅ ብቻ የሚነገር የኩርፊያ ፊልም። የሚያስለቅስ።

ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ ስትጨርስ ነው የመለሰችለት።

«አንድ ፊልም ሥራ። አንዴ ይታይ። ከመሃል አንድ ሰው ተነስቶ ከወጣ ግን ቤዝህን አንግበህ ወደ ባንድህ ትመለሳለህ።»

አንድ ሰውማ ሽንት ቤትም ሊሄድ ይችላል ብሎ ተከራከረ።

«ጥሩ ፊልም ሽንት ያስረሳል» አለችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

የባንዱ አለቃም፣ ኪቦርድ መቺው፣ የአንድ ወር ፈቃድ ሰጠው። በምትኩ የመጣው ቤዝ መቺ ግን ጊታሩን የሚመታው የተኛ ጎረቤት እንደሚቀሰቅስ ሰው ነው እያለ፣ አለቃው በየሦስት ቀኑ እየደወለ ያማርር ነበር።

ቀረጻው በራሱ ሳሎን ተጀመረ። የሚስትን ቦታ ሚስቱ ያዘች፤ ማኩረፍ ከእሷ በላይ የሚችል በሰፈሩ የለም። የባልን ቦታ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ያዘ፤ ጢሙ ብቻውን የሚያኮርፍ የሚመስል ሰው ነው። ድምፅ ለመያዝ የሚስቱ ወንድም ተጠራ። ቀለም ቀቢ ነው፣ ቁመቱ ለጣሪያ የተፈጠረ ነው፣ ሁሉም «ረጅሙ» ይሉታል። ማይኩን በሮለሩ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በፕላስተር አሰሩለት።

ቤዙ ስልኩን በማቆሚያ ላይ ተከለ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ «ጀምሩ» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

አራት ቀን ሙሉ እንደጨፈነ ቀረጸ። ማንኪያው ልክ በሰዓቱ ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል። ወንበሩ ሲቸኩል እጁን ያነሳል፤ «ቀደመ፤ እንደገና።» አንዱን ወንበር አስራ አራት ጊዜ አስጎተታቸው።

«እኔ ተዋናይ ነኝ ወይስ ከበሮ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ላቡን እየጠረገ።

ሥዕሉን ማን እንደሚያይ የጠየቀ አልነበረም። ሚስቱ ቤዙ የሚያይ መስሏታል። ረጅሙ ደግሞ፣ ካሜራ የሚይዘው ተውኑ የተባሉትን ብቻ ነው ብሎ አምኗል።

ሥራውን ይዞ ሰፈር ውስጥ ወዳለችው የፎቶ ቤት ባለቤት ሄደ፤ ቪዲዮ ማቀናበር የምታውቅ እሷ ናት። አንድ ደቂቃ አየች። ሁለተኛውን አየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ድምፁ ግሩም ነው ጋሼ። መሃል ላይ የቆመው ሰውዬ ግን ማነው?»

ቤዙ ተጠጋ። ባል ከግራ አኩርፏል፣ ሚስት ከቀኝ አኩርፋለች፣ በመሃላቸው ረጅሙ እንጨቱን ይዞ እንደ መብራት ምሰሶ ተገትሯል። ቀጣዩ ላይም አለ። ከቀጣዩም ቀጥሎ አለ። አንዱ ላይ ያዛጋል፣ አንዱ ላይ ጀርባውን በበሩ መቃን ያካል፣ አንዱ ላይ በግራ እጁ ዳቦ ይበላል። ሴትዮዋ ልትቆርጠው ሞከረች፤ እሱን ስትቆርጥ የባልየው ግማሽ ፊት አብሮ ሄደ።

ፊልሙ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ እንዲታይ ለተቀጠረበት ቅዳሜ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል። እንደገና ይቀረጽ እንዳይባል፣ ፀጉር አስተካካዩ «ሥራው አለቀ» ብሎ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ላጭቶታል። ሚስቱም እጇን አወራጨች፤ የአራት ቀን ኩርፊያ አውጥታ ጨርሳለች፣ አሁን ከየት ታመጣለች? ቤዙ ስልኩን አንስቶ ለባንዱ አለቃ ሊደውል ቁጥሩን ሲፈልግ፣ ሚስቱ ከትከሻው በላይ ሥዕሉን ታይ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለች። «እኔና አንተ ስንኳረፍ ዘመድ ከመሃላችን ጠፍቶ ያውቃል? ላስታርቅ ብሎ ይመጣል፣ ዳቦ ይበላል፣ አይሄድም።»

ቤዙ ስልኩን አስቀመጠ።

በማግስቱ ረጅሙን፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ፣ ልብስ በሞላው ቁም ሣጥን ፊት አስቀምጦ፣ ዳቦ ሲያላምጥ፣ ሲተነፍስ፣ ሲያዛጋ ለየብቻ ቀዳው። ሦስት ጊዜም «ታረቃችሁ?» አስባለው፤ አንዴ በተስፋ፣ አንዴ በሥልቸት፣ አንዴ በልመና። ለፊልሙ መጨረሻም የፎቶ ቤቷ ባለቤት ከተበላሹት ቀረጻዎች መሃል አንዱን አገኘችለት፤ የረጅሙ ክንድ ዝሎ እንጨቱ ቀስ እያለ በባልና ሚስቱ መካከል ሲወርድ፣ ሁለቱም ኩርፊያቸውን ረስተው ሲስቁ የሚያሳይ።

ቅዳሜ ከሰዓት አስራ አንድ ደቂቃ የሚፈጀውን ፊልም ሊያይ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሰላሳ ስድስት ሰው ተቀመጠ። ቤዙ ከፊት፣ ረጅሙ አጠገቡ፣ ሚስቱ በሩ ጋ። የባንዱ አለቃም መጥቶ ነበር፤ እንዲያው ዝም ብሎ ሳይሆን ቤዙን ይዞ ሊመለስ።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ረጅሙ ዳቦውን ገመጠ። ከሦስተኛው መደዳ አንድ ሰው ሳቀ። ቤዙ በወንበሩ ውስጥ ሰመጠ፤ ለልቅሶ የሠራው ፊልም ነውና። የመጀመሪያው «ታረቃችሁ?» ሲመጣ መደዳው በሙሉ ሳቀ። ከኋላው አንዲት ሴት ለባሏ «ይሄ ያንተ አጎት አይደለም?» ስትል ሰማ። ቀስ እያለ ገባው፤ ሳቁ የሚነሳው ልክ በቦታው ነው፣ የሚያርፈውም በቦታው። ሃያ አራት ዓመት የሠርግ ሰው ሲያስጨፍር፣ አንድ አዳራሽ እንዲህ አብሮት ሲሄድ አላጋጠመውም። እንጨቱ ሲወርድ ቤቱ ተናጋ።

መብራት በራ፣ ጥያቄ ተጀመረ። መነጽር ያደረገ ሰው፣ እንጨቱ ምንን እንደሚወክል ጠየቀ። ረጅሙ ማንም ሳይጋብዘው ተነሳና፣ የዘመድነትን ሸክም ነው፣ ደግሞም ክንድ ያደክማል ብሎ ተቀመጠ። ቤዙ ግን ተነስቶ እውነቱን ተናገረ፤ ማይክ ነው፣ ሲቀርጽ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ ሰውዬው መኖሩን አላወቀም። ሰዉ ይህንንም ቀልድ መስሎት አጨበጨበ።

የባንዱ አለቃ በሕዝቡ መሃል ተጋፍቶ መጣ። ቤዙ ሊሰናበተው ቃል ሲያዘጋጅ፣ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በሚቀጥለው ፊልም ለአኩራፊ ኪቦርድ መቺ የሚሆን ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀው።

ቤት ሲገቡ ቤዙ ከደስታው ብዛት ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ ሳሎኑን ይዞራል። ማንም አልወጣም፣ አየሽ፣ አንድም ሰው አልወጣም ይላል። ሚስቱ የስፌት ማሽኗን ሽፋን አንስታ ክር ማስገባት ጀመረች።

«አንድ ሰው ሊወጣ ነበር» አለች።

ቤዙ ቆመ። «የቱ ጋ?»

«ሦስተኛው ደቂቃ ላይ። ስልክ ተደውሎልኝ ነው አለ።»

«ታዲያ?»

ክሩን በከንፈሯ አርጥባ በመርፌው ቀዳዳ አሾለከችው።

«አስቀመጥኩት።»